ጎማና አካል

ጎንደር ፒያሳ ለሽያጭ የቀረበች የቆርቆሮ ኤንትሬ አገላብጬ አየሁ። ቀለሟ ያምራል፤ ግንባሯም የፊያት ነው። ጎማዎቿ ግን ከአካሏ ወጣ ብለው ተገትረዋል። መጠኗ የእውነተኛዋ 24ኛ እጅ ያህል ነው። እንግዲህ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው የ2 ሴንቲሜትር ክፍተት በእውነተኛዋ ላይ 48 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው! ጣሊያን በወረራው ዘመን የጠረበውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወጣች ኤንትሬ እንዲህ አልነበረችም።

ይህን ስል የእጅ ሙያውን ማንኳሰሴ አይደለም። የሰፈር ልጆች ከሽቦ የሚሠሯት መኪና ቀለም የላትም፤ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠው ጎማዋ ግን ከአካሏ ሥር ገብቶ፣ መሪው ሲዞር አብሮ ይታጠፋል። ልጁ መንገድ ዳር ቆሞ መኪናዋን አይቷታል። ባለሙያችንም ቀለም ከመቀባቱ በፊት መናኸሪያ ወርዶ አንድ ጎማ ይለካ።