የሙስሐፍ አገሩ በምን ይታወቃል?

አንድን የፋርስ ሥዕል አይተን «ይህ የሺራዝ፣ ያ የሄራት ነው» ለማለት እንቸኩላለን። ዳሩ ግን የአሣሣል ስልት ከባለሙያው ጋር ይሰደዳል። ቢህዛድ የሄራትን ጥበብ ይዞ ተብሪዝ ገብቷል፤ ሚር ሰይድ ዐሊና ዐብዱስሰመድም የፋርስን ሥዕል ለሕንድ ሙጋሎች አድርሰዋል።

የፍጡር ሥዕል በማይገባባቸው በሐረር ሙስሐፎችም ይኸው ጥያቄ ይነሣል። በ1162 ዓመተ ሂጅራ (1749 እ.ኤ.አ.) በሐረር የተጻፈውና ዛሬ በኸሊሊ ስብስብ የሚገኘው ሙስሐፍ ከሕንድ የቢሃሪ ሙስሐፎች ጋር እንደሚመሳሰል አጥኚዎች አሳይተዋል። መመሳሰሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣውን አርአያ ይጠቁማል እንጂ የካቲቡን አገር አይለውጥም። «የሕንድ ነው» ብሎ መደምደም የሐረርን ካቲቦች ድካም ለሌላ መስጠት ነው፤ «ከማንም አልተወሰደም» ማለትም የሑጃጁንና የነጋዴውን መንገድ መካድ ነው።

ስለዚህ በደብረ ታቦርም ሆነ በቀረው የደቡብ ጎንደር ደጋ ያረጀ ሙስሐፍ በእጁ ያለ መምህር ወይም ኢማም፣ አገሩን ከመሰየሙ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ያንብብ፤ የካቲቡን ስም፣ ዘመኑንና የወቅፉን ቃል ይፈልግ፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ የውኃ ምልክቱን ይመልከት። አሮጌውን ቆዳ ገፎ በአዲስ የሚያስጠርዝ ሰው ግን ሳያውቅ ምስክሩን ይጥላል።