የትኛዋ ስዊዘርላንድ?

ሰሞኑን ቡና ቤት ተቀምጠን ስለ ሁለት የተጣሉ ወዳጆቻችን ስናወራ አንዱ ባልንጀራችን ማኪያቶውን እያማሰለ፣ “እኔን አታስገቡኝ፤ እኔ ስዊዘርላንድ ነኝ” አለና ተገላገለ። ሁላችንም ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። እሺ፣ ስዊዘርላንድ ነህ… ግን የትኛዋ?

እኛ ያቺን አገር የምናውቃት በሰዓቷ፣ በቸኮሌቷና በባንኳ ነው። ገለልተኝነቷንም የምንስለው ጎረቤቶቿ ሲደባደቡ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ ሻይ እንደምትጠጣ ሴትዮ አድርገን ነው። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ማን ይጠላ ነበር! በ1907 (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያኑ ያንብቡልኝ) የተፈረመው የሄግ ስምምነት የገለልተኛን አገር ግዛት አትድፈሩ ይላል። ገለልተኛውም ተዋጊዎች በግዛቱ እንዳይተላለፉ የመከልከል ግዴታ አለበት። የመጣበትን በኃይል ቢመክት እንኳ ጠብ ጫረ አይባልም። ገለልተኝነት ወንበር ሳይሆን ዘበኝነት ነው ማለት ነው።

በሜይ 1940 ጀርመን ፈረንሳይን ስትወር አውሮፕላኖቿ የስዊዘርላንድን ሰማይ እየጣሱ ያልፉ ነበር። የስዊዘርላንድ አብራሪዎች ተነሱ። የተነሱበት መሰርሽሚት ደግሞ ከማን የተገዛ መሰላችሁ? ከራሷ ከጀርመን! እስከ ጁን መጀመሪያ ድረስ 11 የጀርመን አውሮፕላኖችን ጣሉ፤ ከእነሱም ወገን ሰው ሞተ። የጀርመን አየር ኃይል አለቃ ጎሪንግ በንዴት የአየር ማረፊያዎቻቸውን የሚያፈነዱ ሰርጎ ገቦች ላከባቸው። ሥራቸውን ሳይሠሩ ተያዙ።

ባልንጀራዬ “እኔ ነኝ” የሚላት ይቺን ከሆነ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።

ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ጁን 20 ቀን 1940፣ ፈረንሳይ የእጅ መስጫውን ስምምነት ልትፈርም ሁለት ቀን ሲቀራት፣ የጦሩ አዛዥ ጄኔራል አንሪ ጊዛን በአገሩ ሰማይ ላይ የአየር ውጊያ እንዳይደረግ አዘዘ። በኖቬምበር ደግሞ የከተሞቹ መብራት በሌሊት እንዲጠፋ ተደረገ። ለምን? መብራቱ ለእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች መንገድ ያሳያል ብላ ጀርመን ስለተጫነቻቸው ነው። ጨለማው እስከ ሴፕቴምበር 1944 ቆየ። ለካ ጨለማም ወገን አለው! ከሰማዩ በታች ደግሞ የኦርሊኮን ፋብሪካ መድፍ ለጀርመን ይሸጥ ነበር።

በ1944 ጸደይ አንድ የጀርመን የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላን ሚስጥራዊ ራዳሩን እንደያዘ ዱበንዶርፍ አረፈ። ጀርመኖች ሚስጥሩ ጠላቶቻቸው እጅ እንዳይገባ ተጨነቁ። በስምምነቱ መሠረት አውሮፕላኑ ተቃጠለ፤ ስዊዘርላንድም 12 መሰርሽሚት እንድትገዛ ተፈቀደላት። ይሄ ገለልተኝነት ነው ንግድ? እኔ እንጃ፣ ሁለቱም ይመስለኛል። በዚያው ዓመት አፕሪል 1 ቀን የአሜሪካ አውሮፕላኖች በስህተት ሻፍሃውዘን የተባለችውን የስዊዘርላንድ ከተማ ደብድበው 40 ሰው ገደሉ። የቦምብ ስህተት ገለልተኛ ነህ ብሎ አያልፍም።

በርግጥ ዙሪያውን በጀርመንና በጣሊያን የተከበበን አገር ከሰማንያ ዓመት በኋላ ማኪያቶ እየጠጡ መውቀስ ይቀላል። ዝምታም አንዳንዴ ነፍስ ያድናል። ግን ማንን? በ1942 ክረምት በሰማዩ አልዋጋም ያለችው አገር በምድሩ ከናዚ የሚሸሹ አይሁዶችን ከድንበር ትመልስ ነበር።

ለእኛም ሰማዩ ሩቅ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2014 ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይበር የነበረውን አውሮፕላናችንን ረዳት አብራሪው ጠልፎ ጄኔቭ ሲያሳርፈው፣ አጅበውት የመጡት የጣሊያንና የፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች ነበሩ። የስዊዘርላንዶቹስ? ገና ማለዳ ስለነበር የሥራ ሰዓታቸው አልደረሰም! ዓለም ሳቀባቸው። እነሱ ግን ስቀው ዝም አላሉም፤ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ጄቶቻቸው 24 ሰዓት ተጠንቀቅ ላይ ናቸው።

እኔን የሚያስቀናኝ እንግዲህ ይሄ ነው። በ1996 የአገሪቱ ፓርላማ የራሱን የጦርነት ዘመን የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ። በ2002 የመጨረሻው ሪፖርት ሲወጣ ስለ ድንበሩም፣ ስለ መሣሪያውም፣ ስለ ወርቁም ገመናቸውን በአደባባይ አነበቡ።

ወደ ባልንጀራዬ ልመለስ። ከሁለቱ የተጣሉ ወዳጆቻችን አንደኛውን ማታ ማታ በመኪናው ቤቱ ያደርሰዋል። የሌላኛው ስልክ ሲጠራ ደግሞ ስክሪኑን አይቶ በአፉ ይደፋዋል። ይህን ሁሉ ከጎኑ ተቀምጬ ያየሁት እኔም አንድ ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለነገሩ እኔም ገለልተኛ ነበርኩ!

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንገናኝ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለእሱም፣ ለራሴም። ስዊዘርላንድ መሆናችንስ ይሁን፤ ኮሚሽናችንን የምናቋቁመው መቼ ነው?