መንገደኛው የሚረግጠው ወለል

ከብረታ ብረት ብቻ ስለተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የሚጻፈው ታሪክ አንድ መንገድ ለምዷል፤ እንጨትና ሸራ ተሸነፉ፣ ዱራሉሚን የተባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ገባ፣ ፍጥነት ጨመረ፣ የንግድ አቪዬሽን አደገ። ብረቱ ይህን ያህል ሲወደስ መንገደኛው የሚረግጠው ወለል ተረሳ። እኔ ግን የእነዚህ አውሮፕላኖች ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚታየው ወለሉ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ቦይንግ 247ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1933 ሲበር ሁለት ሞተር፣ የሚታጠፍ ጎማ፣ አውቶፓይለት ነበረው፤ 10 መንገደኞች ይዞ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በ20 ሰዓት ገደማ ያቋርጣል። ብዙዎች የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንገደኛ አውሮፕላን የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ስፓር የሚባለው የክንፉ ዋና ተሸካሚ አግዳሚ የመንገደኞቹን ክፍል ሰንጥቆ ያልፋል። ወደ ፊተኛው ወንበር የሚሄድ ሰው እግሩን አንስቶ መሻገር አለበት፤ ትሪ የያዘችው አስተናጋጅም እንዲሁ። መሐንዲሶቹ ይህን ያደረጉት ሥራ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። አግዳሚው ከወለሉ በታች ይለፍ ቢባል የአውሮፕላኑ አካል ወደ ታች ይወፍራል፣ የአየሩ መቋቋምም ይበረታበታል። ስሌቱ ትክክል ነው። ቅር የሚያሰኘኝ በስሌቱ ውስጥ ዋጋ የከፈለው ማን እንደሆነ ነው፤ መንገደኛው። መንገደኛው ገና ዋና ገቢ አልነበረም፤ የአሜሪካ አየር መንገዶች እንጀራ ለዓመታት የመንግሥት የፖስታ ክፍያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣው የፖስታ ሕግ ክፍያውን ከክብደት ወደ ቦታ ስፋት ቀይሮ ሰው ወደሚጭን ትልቅ አውሮፕላን ገፋቸው። 247 የተወለደው በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ነው፤ ሰው እንዲጭን ታዝዞ፣ ሰውን ገና እንደ ተደራቢ ጭነት ያያል።

የመጀመሪያዎቹ 60 የ247 አውሮፕላኖች ለዩናይትድ አየር መንገድ ስለተያዙ ተራ መጠበቅ ያልፈለገው ተፎካካሪው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ ወደ አውሮፕላን ሠሪው ዳግላስ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። በዲሲ-1፣ በዲሲ-2 እና በዲሲ-3 ክንፉ ከወለሉ በታች ያልፋል፤ ሰው በመተላለፊያው ሳይደናቀፍ ይሄዳል። በዲሲ-3 21 መንገደኞች ተቀምጠው አየር መንገዱ ያለ ፖስታ ገንዘብ ማትረፍ ቻለ። ለዚህ ትርፍ ሞተሩ ሲመሰገን ወለሉን የሚያነሳ የለም።

የበለጠ የሚቆጨኝ ግን ዩንከርስ ኤፍ 13 ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1919 በጀርመኗ ዴሳው ላይ የበረረው ይህ አውሮፕላን በተሸበሸበ ገላው ብቻ ይነሳል፤ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ነውና አየሩ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ኋላ ቀር ነው ይባላል። ትችቱ እውነትነት አለው። ሆኖም አራቱ መንገደኞች በክንፉ ላይ በተቀመጠ፣ በተዘጋና በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ነፋስ የሚመታው አብራሪዎቹን ነበር። ብርዱን ሠራተኛው ይቻለው፣ የከፈለው ሰው ይሙቀው የሚል ውሳኔ ነው። 247 ከ14 ዓመት በኋላ ብዙ ነገር ሲያሻሽል ይህን ቅደም ተከተል አላከበረም። ከፍጥነት ክብረ ወሰን ሁሉ ይህ የዩንከርስ ውሳኔ ይበልጥብኛል።

የወለሉ ጉዳይ እኛም አገር ደርሷል። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በአሥመራ አድርጎ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በሲ-47፣ ማለትም በዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት ነው። በእነዚያ አውሮፕላኖች መንገደኛው ጎንና ጎን በተዘረጉ የሸራ መቀመጫዎች ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ጭነቱ መሃል ላይ ይደረደራል። አንዱ አውሮፕላን ሰውንም ዕቃንም በአንድ ጉዞ የሚያደርሰው መሃሉ ክፍት ስለነበረ ነው። በ247 ያንን ቦታ አግዳሚው ይዞታል።