የጉበት መቍረጫ መሣሪያዎች ንጽጽር፤ ከደምበጫ ሲታይ

ደምበጫ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የምዕራብ ጎጃም ከተማ ናት። በዚያ አገር ጉበቱን የታመመ ሰው ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይሄዳል፤ ነገሩ የከበደ እንደ ሆነ ወደ ባሕር ዳር፥ አልፎም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ከተላኩት መካከል ለጥቂቶቹ መድኃኒቱ የታመመውን የጉበት ክፍል ቈርጦ ማውጣት ነው። የሚቈረጠውስ በምን መሣሪያ ነው? በውጭ አገር ሐኪሞች ይህን ጥያቄ በብዙ ጥናት መርምረውታል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ የጥናቶቹን ፍርድ እንመዝናለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ለዱለት የበግ ጉበት የከተፈ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የጉበት ሥጋ ለስላሳ ነው፤ በውስጡ የሚያልፉት የደም ሥሮችና የሐሞት ቧንቧዎች ግን ጠንከር ይላሉ። የቀዶ ሕክምናው ብልሃት የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ ይኸውም ለስላሳውን ሥጋ አድቅቆ ሥሩን ሳይበጥሱ ማግኘት፥ አስሮም መቍረጥ ነው። ነገር ግን በሕያው ሰው ጉበት ውስጥ በየደቂቃው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ደም ስለሚያልፍ፥ ዋናው አደጋ የደም መፍሰስ ነው።

በ1908 ፕሪንግል የተባሉ የግላስጎው ሐኪም ወደ ጉበት የሚገቡትን ሥሮች ለጥቂት ጊዜ ጨብጦ ደሙን ማቆም እንደሚቻል አሳዩ። በ1958 ሊን የተባሉ የታይዋን ሐኪም ሥጋውን በጣት እያደቀቁ የመለየትን ዘዴ ገለጹ። በኋላም የጣቱን ሥራ ተራው የኬሊ መቆንጠጫ ወረሰው። ከዚያ ወዲህ ባለ ኤሌክትሪክ መሣሪያዎች መጡ፤ አንዱ በማይሰማ ድምፅ ርግብግቢት ሥጋውን ይሰብራል፥ አንዱ በኃይል በሚረጭ ውሃ ያጥባል፥ አንዱ በሙቀት ያሽጋል፥ ስቴፕለር የሚባለው ደግሞ በአንድ ጊዜ በብረት ሰፍቶ ይቈርጣል።

እነዚህን ከመቆንጠጫው ጋር ካወዳደሩት ጥናቶች ሦስቱን እንመልከት። በ2001 የታተመው የጃፓኖች ጥናት 132 በሽተኞችን በዕጣ ከፍሎ መቆንጠጫውንና በድምፅ የሚሠራውን መሣሪያ ሲያስተያይ በፈሰሰው ደም ረገድ ቁም ነገር ያለው ልዩነት አላገኘም። በ2005 የዙሪክ ሐኪሞች 100 በሽተኞችን በ4 ዘዴዎች አካፈሉ፤ መቆንጠጫው ከሁሉ ፈጣን፥ ደም ቈጣቢና ርካሽ ሆኖ ተገኘ። በ2014 የሃይደልበርግ ሐኪሞች በ130 በሽተኞች ላይ ስቴፕለርን ሲፈትኑ ሥራውን አፋጠነ እንጂ የሚፈሰውን ደም አልቀነሰም። በ2009 የኮክሬን ማኅበር ጥናቶችን አሰባስቦ መርምሮ፥ ልዩ መሣሪያ የማይፈልገው መቆንጠጫ ይመረጥ ብሏል።

ፍርዱን በጠቅላላው እንቀበላለን። ይሁን እንጂ የዙሪክን ጥናት ጠለቅ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በመቆንጠጫ የተቈረጡት በሽተኞች ወደ ጉበት የሚገባው ደም በፕሪንግል ዘዴ ተይዞላቸው ነበር፤ ለሌሎቹ ግን ይህ የዘወትር ደንብ አልነበረም። ይህ አንዱን ገበሬ በዝናብ በራሰ መሬት፥ ሌላውን በደረቅ መሬት ካሳረሱ በኋላ የማረሻውን ብልጫ እንደ መፍረድ ነው። በርግጥ አዲሶቹ መሣሪያዎች የተመሰገኑት ደሙን ሳይይዙ ለመቍረጥ ያስችላሉ ተብሎ ስለ ሆነ፥ ጥናቱ ይህን ምስጋና መፈተኑ ተገቢ ነበር። ነገር ግን የተገኘው ብልጫ የመቆንጠጫው ብቻ ሳይሆን ደሙን የያዘው እጅም ነው ብሎ መናገር ይገባል።

ሁለተኛው ነቀፌታችን በሽተኞቹን የሚመለከት ነው። የዙሪክ ጥናት ጉበታቸው በጠባሳ የጠነከረባቸውን ሰዎች አላስገባም። በአገራችን ግን የጉበት ነቀርሳ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጉበት በሽታ ቢ በኋላ ነው፤ ያም ጉበቱን አስቀድሞ ሊያጠነክረው ይችላል። ሥጋው ሲጠነክር በሥጋና በሥር መካከል ያለው ልዩነት ስለሚጠብ፥ መቆንጠጫው የሚተማመንበት ብልሃት ይደክማል። ስለዚህ የዙሪክ ቍጥር እንዳለ ወደ ጎጃም ሊመጣ አይችልም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ጥናቶቹ መሣሪያውን ሲመዝኑ በዙሪያው ያለውን ሁሉ እንደ ተሟላ ቈጥረውታል። ፕሪንግል የሚይዘው ወደ ጉበት የሚገባውን ደም ነው፤ ከልብ በኩል በደም መልስ የሚመለሰውን አያግድም። ይህን የሚቀንሰው የማደንዘዣው ባለሙያ የደም መልሱን ግፊት ዝቅ አድርጎ ሲጠብቅ ነው። የተዘጋጀ ደምም ያስፈልጋል፥ ከቀዶው በኋላ ሌሊቱን የሚጠብቅ ነርስም ያስፈልጋል። በዙሪክ አንድ ሊትር ደም የፈሰሰበት ሰው ወዲያው ይተካለታል፤ የሚተካለት በሌለበት ቦታ ግን ያው አንድ ሊትር ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

እንግዲህ መቆንጠጫው ርካሽ ነውና በየሆስፒታሉ ጉበት ይቈረጥ የሚል ሰው ጥናቶቹን አላነበባቸውም። ርካሹ ብረቱ ነው፤ ብረቱን የሚይዘው እጅ ግን በብዙ ዓመት ትምህርትና በብዙ ገንዘብ የሚገኝ ነው። የተጠኑት እጆች በብዙ ቀዶ የተፈተኑ እጆች ነበሩ። በአንጻሩም ውድ መሣሪያ በስጦታ ሲመጣ የሚደሰት ሰው፥ አንዴ ተሠርቶበት የሚጣለውን ክፍል ማን እንደሚተካ፥ ሲበላሽም ማን እንደሚጠግነው አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከዚህ ተነሥተን የምንመክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ገንዘቡ ከመሣሪያ በፊት ለሐኪምና ለማደንዘዣ ባለሙያ ትምህርት፥ ለደም ባንክም ይዋል። ሁለተኛ፥ ይህ ሥራ በየቦታው ከሚበተን በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይሰብሰብ፤ የጉበቱን ጥንካሬ፥ የተሰጠውን ደምና በሽተኛው በስንት ቀን ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ የሚገልጽ መዝገብም ይያዝ። የራሳችን ጥናት የሚወለደው ከዚህ መዝገብ ነው። ሦስተኛ፥ ጉበት እንዳይታመም የሚደረገው አይዘንጋ። ሕፃናትን ስለ ጉበት በሽታ ቢ መከተብ፥ ውሃ የቋጠረ የበግ ጉበትና ሳንባ ለውሻ ከመጣል ይልቅ መቅበር፥ እነዚህ በደምበጫ ገበያ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ሊሰማቸውና ሊያደርጋቸው የሚችል ነገሮች ናቸው።