የማንም ያልሆነ ቁጥር

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን በስልክ የኮምፒዩተር እርዳታ የምንሰጥ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ነን። ሰው የሚያገኘን በአንድ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ የማናችንም አይደለም። ለማለት ይቀላል። መስመሩን ከዘረጉትና ከሚጠብቁት አንዱ ነኝና፣ ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ቁጥሩ የአንድ ሰው እንዳይሆን መጠበቅ ነው እላለሁ።

የእኛ ሰው የሚደውለው ለሰው ነው እንጂ ለመስመር አይደለም። አንዲት እናት ፕሪንተሩ እምቢ ሲላቸው «ያ ባለፈው ያስተካከለልኝ ልጅ የት አለ?» ነው የሚሉት። ልጁ ደግ ከሆነ የግል ቁጥሩን ይሰጣቸዋል። እሳቸው ለጎረቤታቸው፣ ጎረቤታቸው ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ያቀብላሉ። ብዙ ሳይቆይ ልጁ ክፍል ውስጥ፣ ሥራ ላይ፣ እንቅልፍ ላይ እያለ ይደወልለታል። ይታክተዋል፤ ቁጥሩን ይቀይራል ወይም ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል፤ እርዳታውም አብሮት ይሄዳል። በጎ ፈቃድ የጀመራቸው ሥራዎች ሲከስሙ ያየሁት ብዙ ጊዜ እንዲህ፣ በክፋት ሳይሆን በደግነት ነው።

ዕቃው ዛሬ አያስቸግርም። አሜሪካ ውስጥ ጎግል ቮይስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአንድ ቁጥር የመጣን ጥሪ ወደ ሌሎች ስልኮች ሲያስተላልፍ ቆይቷል፤ በወር ክፍያ ለድርጅት የሚሆን የኢንተርኔት ስልክ የሚሰጡም ሞልተዋል። የራሴን ማዞሪያ ልትከል ለሚል አስተሪስክ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር አለ። ታሪኩ ለእኛ ቢጤ ቅርብ ነው፦ ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1999 ለሊነክስ ተጠቃሚዎች እርዳታ የሚሰጥ ድርጅት ከፈተ፤ የስልክ ማዞሪያ መግዣ ገንዘብ አልነበረውምና ቁጭ ብሎ ራሱ ጻፈው። ቢሮዎችና የጥሪ ማዕከሎች ዛሬ የሚሠሩበት ማዞሪያ የተወለደው ከኮምፒዩተር እርዳታ ስልክ ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ብዬም ለበጎ ፈቃደኞች አልመክረውም። ሰርቨሩን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ቁጥሩ ዞሮ ዞሮ የአንድ ሰው ሆነ።

በዚሁ ምክንያት የመስመሩ አካውንት የተከፈተው በማኅበራችን ኢሜይል ነው። ፓስዎርዱን ሁለት ሰዎች ያውቁታል። ሲገቡ የሚጠየቀው ሁለተኛው የማረጋገጫ ኮድም ወደ አንድ ሰው ሞባይል እንዲሄድ አላደረግንም፤ የመጠባበቂያ ኮዶቹ በወረቀት ታትመው ከማኅበሩ ሰነዶች ጋር ተቆልፈዋል።

ብልሃት የሚጠይቀው ስልኩ እንዴት ይጥራ የሚለው ነው። «የሁላችንም ባንዴ ይጥራ» የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ ሁሉንም ይጥማል። በተግባር ግን ሌላው ያነሳዋል እያለ ሁሉም ዝም ይላል፤ አለዚያም ሁለቱ እኩል ይሽቀዳደሙና አንዱ የተዘጋ መስመር ላይ «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲል ይቀራል። በየተራ ይጥራ ከተባለ ደግሞ ሂሳቡን ማየት ነው። እዚህ አገር ስልክ 2 ሰከንድ ጠርቶ 4 ሰከንድ ዝም ይላል፤ አራት ጊዜ ለመጥራት 24 ሰከንድ ይፈጃል። አራት ሰው በየተራ ቢሞከር ደዋዩ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሊጠብቅ ነው። የተቸገረ ሰው ያን ያህል አይጠብቅም፣ ይዘጋል። የእኛው ሥርዓት እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የዕለቱ ተረኛ ጋ ብቻ አራት ጊዜ ይጠራል፤ ካልተነሳ ሁለት ተጠባባቂዎች ጋ ባንዴ ይጠራል፤ እነሱም ካላነሱ በአማርኛ የተቀዳ ድምፅ ይቀበለዋል። «ለዚህ 1ን፣ ለዚያ 2ን ይጫኑ» የሚባል ነገር የለም። ኮምፒዩተር አስቸግሯቸው ለደወሉ አዛውንት ሌላ ማሽን ማቀበል ነውር ነው።

እዚህ ላይ መስመር የሚዘረጋ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ወጥመድ አለ። የተረኛው ሞባይል ባትሪው ካለቀ ጥሪውን የሚያነሳው የራሱ የሞባይሉ የድምፅ መልእክት ነው። ማዞሪያው ግን «ሰው አነሳ» ብሎ ይቆጥረዋል፤ ወደ ተጠባባቂዎቹ አያልፍም። እማማ የሚሰሙት በማያውቁት ልጅ ድምፅ በእንግሊዝኛ የተቀዳ ማላገጫ ይሆናል፤ የተዉት መልእክትም በልጁ የግል ስልክ ውስጥ ይቀበራል። መድኃኒቱ ተረኛው ስልኩን ሲያነሳ ጥሪውን ለመቀበል 1ን እንዲጫን ማድረግ ነው። መልስ ሰጪ ማሽን 1ን አይጫንም፣ ስለዚህ ጥሪው ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ይህች አንዲት ቁልፍ ካልበራች የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም።

መልሶ መደወልም ደንብ አለው። ተረኛው ከግል ስልኩ ከደወለ ቁጥሩ እዚያው ይመዘገባል፤ ያልኩት ታሪክ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ቁጥሩን ደብቆ ቢደውል ደግሞ አይነሳለትም፤ እናቶቻችን ማንነቱ የማይታወቅ ስልክ ማንሳት ከተዉ ቆይተዋል፣ ደግ አደረጉ። ስለዚህ ሁልጊዜ በመስመሩ ቁጥር፣ በመተግበሪያው በኩል ነው የምንደውለው።

ታዲያ ሰው አንድን ልጅ ትቶ መስመሩን እንዲያምን የሚያደርገው ምንድን ነው? የእኔ መልስ መዝገቡ ነው። እያንዳንዱ ተረኛ ከጥሪው በኋላ ደዋዩ ማን እንደሆኑ፣ ምን ዓይነት ኮምፒዩተር እንዳላቸው፣ ምን እንደተሞከረና ምን እንደቀረ በጋራ ሰነዱ ላይ ይጽፋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ተረኛ አንስቶ «እንደምን አሉ እትዬ፣ ያ የኤችፒ ፕሪንተር ዋይፋዩን ያዘ ወይስ አሁንም ያቋርጣል?» ሲላቸው «ያ ልጅ የት አለ?» የሚለው ጥያቄ አይመጣም። ቢመጣም «ሰላም ብሎዎታል፣ ዛሬ የኔ ተራ ነው» ይበቃል። ፓስዎርድ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የባንክ ጉዳይ መዝገቡ ላይ ፈጽሞ አይጻፍም። ድምፅም አንቀዳም። ቨርጂኒያና ዲሲ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃቸዋል፤ ሜሪላንድ ግን የሁሉንም ፈቃድ ይጠይቃል፤ የእኛ ደዋዮች ደግሞ ሦስቱም ዘንድ አሉ። ማስታወሻ መጻፍ ይቀላል፣ ይሻላልም።

መዝገቡን የሚያምታታ አንድ የእኛው ጣጣ አለ፦ ሰዓት። «ሁለት ሰዓት ላይ ደውልልኝ» ያሉት ሰው ሠላሳ ዓመት እዚህ የኖሩ ከሆነ በፈረንጅ ሊሆን ይችላል፤ አምና የመጡ ከሆነ በሀበሻ። «በየትኛው አቆጣጠር?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ አንዳንዱን ያስቀይማል። ተረኞቻችን የሚጠይቁት «ጠዋት ነው፣ ከሰዓት ነው፣ ማታ?» ብለው ነው። ጠዋት ሁለት ካሉ በሀበሻ ነው፤ ከሰዓት ሁለት ካሉ በፈረንጅ ነው፤ ማታ ሁለት ካሉም በሀበሻ። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው በፈረንጁ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ የአጭበርባሪ ነገር ነው። እኛ የምንሠራውና እነሱ የሚሠሩት በስልክ ሲሰማ አንድ ይመስላል፦ ደውሎ «ኮምፒዩተርዎን ልይልዎ» ማለት። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ትልልቆቹ የአሜሪካ ስልክ ኩባንያዎች የደዋይን ቁጥር የሚያረጋግጥ ሥርዓት እንዲተክሉ ተገደዋል፤ ሆኖም በሌላ ሰው ቁጥር አስመስሎ መደወል አልጠፋም። የእኛው ቁጥር ስልካቸው ላይ መታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ደንባችን ግልጽ ነው፦ ሳይጠሩን ኮምፒዩተር አንነካም፤ ቀጠሮ ይዘን ስንደውልም የተጠራጠረ ሰው ዘግቶ ራሱ ወደ መስመሩ ይደውል።

ኮምፒዩተርን ከሩቅ የሚያሳየውን ሶፍትዌር የመረጥነውም ከዚህ ተነሥተን ነው። በክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ኮዱ የሚወጣው በተረጂው ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ተረጂው ያነብልናል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ባለው ኩዊክ አሲስት ግን ኮዱን የምናወጣው እኛ ነን፤ እማማ የሚያደርጉት የነገርናቸውን መጻፍ ነው። ልዩነቱ ለባለሙያ ኢምንት ነው። ለእኛ ግን ትልቅ ነው፤ «በስልክ ለማንም ኮድ አያንብቡ፣ ለእኛም ቢሆን» የምንለውን ምክር ራሳችን አናፈርሰውም። አጭበርባሪም በኩዊክ አሲስት ሊጠቀም ይችላል፤ ለዚያ መከላከያው ማን ለማን ደወለ የሚለው ነው። በዚህ ምክንያት ሥራው ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ ይዘግይ።

ሌት ተቀን የሚሠራ መስመር እንክፈት የሚሉም ይመጣሉ። አልስማማም። በሳምንት ሁለት ምሽት በርግጥ የሚነሳ ስልክ፣ ሁልጊዜ ክፍት ተብሎ ከማይነሳው ይበልጣል። የቀሩትን ቀናት የተቀዳው ድምፅ ይሸፍናቸዋል፤ መልእክቱን ግን ሰው ማዳመጥ አለበት። የእኛው መስመር መልእክትን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው መሣሪያ የአንድ አባት የአማርኛ ምርቃት አንድም ቃል የማይገናኝ እንግሊዝኛ አድርጎ አምጥቶልናል።

ወላጆች ያሏችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እንዲህ ያለ የማኅበር ቁጥር በእናታችሁ ስልክ ላይ ስትመዘግቡላቸው በተረኛው ልጅ ስም ሳይሆን በማኅበሩ ስም መዝግቡት።