ማር ይስሐቅና የዝምታ ትምህርት

ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ ዝምታን የሚያመሰግነው በቃል ብዛት ነው፤ ይህም የሚያስነቅፈው ይመስላል። ነገር ግን ቃሉ ከዝምታ በኋላ የመጣ ነው። ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዓመት በነነዌ ኤጲስ ቆጶስነት ተሹሞ፥ አምስት ወር ያህል ቆይቶ ሹመቱን በመተው መነነ። በኋላም ከንባብ ብዛት ዓይኑ ስለ ጠፋ፥ ወንድሞች ቃሉን እየሰሙ ጻፉለት ይባላል። ይህን ያወቀ አንባቢ መደጋገሙን እንደ ጉድለት አይቈጥረውም፤ እንደ አበ ነፍስ ምክር ይሰማዋል እንጂ። ፊልክስዩስ በጥያቄና በመልስ ስለ ተሠራ ለተማሪ ይቀላል፤ ማር ይስሐቅ ግን ጠያቂውን ራሱን ዝም ያሰኘዋል። ጥቅሱን ለክርክር ብቻ የሚለቅም ሊቅ ቃሉን ያገኛል፤ ፍሬው ግን ሰምቶ፥ ዝም ብሎ፥ በሥራ ለፈተነው ነው።