የነፍስ አባት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ ሥርዓት ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው የነፍስ አባትን ነው። ኃጢአትን ለማያውቁት ካህን ነግሮ፣ ሳይተያዩ መለያየት የለም። አባ ቤቱን ያውቁታል። ልጆቹን በስማቸው ይጠራሉ፤ መጥተው ጠበል ይረጫሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ፤ ባልና ሚስት ሲኳረፉ ያስታርቃሉ፤ ሰው ሲሞት በፍትሐቱ ይቆማሉ። እንዲህ በሚያውቁን ሰው ፊት «በድያለሁ» ማለት እንዴት ይከብዳል! መድኃኒቱ ግን እዚያው ክብደቱ ላይ ያለ ይመስለኛል። ለብቻው ለራሱ የሚናዘዝ ሰው ዳኛውም ጠበቃውም ራሱ ነውና ሁልጊዜ በነጻ ይለቀቃል።

አባ የተነገራቸውንም አያወጡም፤ ምስጢሩ ከእሳቸው ጋር ይቀበራል።

ከኑዛዜው በኋላ ቀኖና ይሰጣል፤ ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት፣ ምጽዋት፣ እንደ ሰዉ አቅም። አስተዋይ አባት ጉልበቷን ለሚያማት አሮጊት ስግደት አያበዛባትም። የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልሳል፤ የተጣላ ይታረቃል። ይህ ሁሉ ግን የይቅርታ ዋጋ አይደለም። ሕሊናን ከሞተ ሥራ የሚያነጻው የክርስቶስ ደም እንደሆነ የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 9 ያስተምራል፤ የንስሐውም መድረሻ ሥጋ ወደሙ ነው።

የሚያሳዝነው፣ በብዙ ቤት አባ የሚታወሱት ጠበልና ጠዲቅ ሲደገስ ብቻ መሆኑ ነው። እባካችሁ፣ ድግስ ሳይኖርም ደውሉላቸው።